የምናዋጣውን ገንዘብ ለየትኛው የእርዳታ ድርጅት እንስጥ?

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ ከደመወዛችን ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ረሃብን፣ ቤት አልባነትንና ድህነትን ለማጥፋት ለሚሠራ ድርጅት ልንሰጥ ተስማምተናል። ችግሩ ድርጅቶቹ ብዙ ናቸው። ሁሉም አሪፍ ፎቶ አላቸው። ሁሉም ‹ይህን ያህል ሺህ ሰው ረዳን› ይላሉ። አንዱ ጓደኛችን ‹ለአስተዳደር ከ10 በመቶ በታች የሚያወጣውን እንምረጥ፣ አለቀ› ይላል። ሌላዋ ደግሞ ‹ድርጅት ምን ያደርጋል? በቀጥታ ለችግረኛው ብንሰጥ አይሻልም?› ትላለች። እኔ መሃል ቆሜ ግራ ገብቶኛል። እርስዎ ሙያው ውስጥ ስላሉ ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

መሃል መቆምዎ ክፋት የለውም። ሁለቱም ጓደኞችዎ ቁም ነገር ይዘዋል። ሁለቱም ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘለው ነው የጀመሩት።

እኔ የምተዳደረው የእርዳታ ፕሮጀክቶችን በመገምገም ነው። ድርጅቱ ሠራሁ ያለውን በእርግጥ ሠርቷል? ከሠራስ በሰዎቹ ኑሮ ላይ ምን ተለወጠ? የማጣራው ይህን ነው። ብዙ ሪፖርት አነባለሁ። አብዛኛው ሪፖርት የሚነግረኝ ስንት ሰው እንደገባ ነው። ይህን ያህል ሰው መገብን፣ ይህን ያህል ሰው አስጠለልን፣ ይህን ያህል ሰው አሠለጠንን ይላል። እኔ የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። ስንት ሰው ወጣ? ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ምግብ፣ ያንን አልጋ፣ ያንን ድጋፍ ሳይፈልግ በራሱ የቆመው ስንት ነው? ድርጅት ስትመርጡ ከዚህ ጀምሩ። የአስተዳደር ወጪው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ረሃብ፣ ቤት አልባነትና ድህነት በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። በአንዱ የተዋጣለት ድርጅት በሌላው ምንም ላይሆን ይችላል። «ሦስቱንም እናጠፋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ዓላማውን ትታችሁ በጀቱን እዩ።

ከረሃብ እንጀምር። ረሃብ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድንገተኛው ነው። ጦርነት፣ ድርቅ ወይም ጎርፍ ሰውን ከቀዬው ነቅሎ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። እዚህ ላይ «ስንት ሰው ወጣ» የሚለው ጥያቄዬ ቦታ የለውም። እዚህ የሚጠየቀው ቶሎ ደረሰ ወይ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1961 ተመሠረተ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራው ነው። አውሮፕላን፣ መርከብ፣ የጭነት መኪና፣ መጋዘን ያንቀሳቅሳል። ትንሽ ድርጅት ይህን አቅም ከየትም አያመጣም። ስለዚህ ለድንገተኛ አደጋ የሚሰጥ ሰው ትልቁን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ይህ ድርጅት ግን ቋሚ መዋጮ የለውም። መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና ግለሰቦች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው የሚሠራው። ገንዘቡ ሲደርቅ ራሽን ይቆረጣል። በ2023 በብዙ አገሮች የሆነውም ይኸው ነው።

የምግብ እርዳታ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የእህል ጆንያ ነው። ጆንያው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ለጋሽ የማያውቀው ጣጣ አለ። የአሜሪካ ሕግ ከመንግሥት የምግብ እርዳታ ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ያስገድዳል። ኪራዩ ውድ ነው። ጉዞው ወራት ሊፈጅ ይችላል። የተራበ ሰው ወራት የለውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ እህሉ ከችግሩ ቦታ ሳይርቅ ገበያ ላይ አለ። የሌለው መግዣው ነው። አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ አጥንቶ የተከራከረው ይህንኑ ነው። በእሱ አባባል ያ ሁሉ ሰው ያለቀው እህል ከምድሩ ስለጠፋ አይደለም፤ ዋጋው ከደሃው አቅም በላይ ስለናረ ነው። ካናዳ በ2008 «የምግብ እርዳታው ከካናዳ ይገዛ» የሚለውን ግዴታ ሙሉ በሙሉ አንስታለች። እናንተም «ምግቡን የምትገዙት ከየት ነው? ገበያው የሚሠራ ከሆነ ለምን ጥሬ ገንዘብ አትሰጡም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። ጥሩ ድርጅት ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው።

ሁለተኛው ረሃብ ዝምተኛው ነው። ዜና አይሆንም። አምስት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2025 በጋራ ባወጡት ሪፖርት መሠረት በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በረሃብ ኖሯል። ካሜራ ፊት የሚቀርበው ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው።

እዚህ ውስጥ አንዱን ሥራ ለብቻው ላውጣው። ከማውቃቸው ሁሉ ውጤቱ በዓይን የሚታየው እሱ ነውና። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ድሮ የሚታከመው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በውሃ የሚበጠበጥ ልዩ ወተት በየጥቂት ሰዓቱ ይሰጠዋል። እናትየው ሌሎቹን ልጆች ቤት ጥላ ለሳምንታት አብራው ትተኛለች። አልጋው ሲሞላ የቀረው ይመለሳል። በ1996 ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ ያንን ወተት ወደ ለውዝ ቅቤ ቀየረው። ፕላምፒናት የሚባለው ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ውስጡ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። አይበሰልም። ውሃ አይገባበትም፤ ስለዚህ ቆሻሻ ውሃ አይበክለውም። የከረጢቱ ጫፍ ይቀደዳል፣ ሕፃኑ እየመጠጠ ይበላል፣ አለቀ። ሌላ ተጨማሪ ሕመም የሌለበት ሕፃን ቤቱ ሆኖ ይታከማል። እናትየው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ጤና ጣቢያ ብቅ ብላ አስመዝና ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2007 አሠራሩን በጋራ ተቀበሉት።

ልኬቱም እንደዚያው ቀላል ነው። ሦስት ቀለም ያላት ስስ ሜትር አለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የግራ ክንዱ ላይ፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል ትጠመጠማለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ማንበብ ባትችሉም ቀለሙ ይነግራችኋል። ለዚህም ነው አንዳንድ ድርጅቶች እናቶች ራሳቸው ልጆቻቸውን እንዲለኩ የሚያሠለጥኑት። ቀይ ሆኖ የገባው ልጅ ሕክምናው ከሰመረ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ስንቱ ሞተ የሚለው በየጣቢያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንዲህ የሚሠራ ድርጅት ስለ ውጤቱ ሲጠየቅ አይንተባተብም።

የምግብ ባንኮችን በተመለከተ አጭር ልሁን። የመጀመሪያው በ1967 በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ነው የተከፈተው። ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው ሱቆች የሚጥሉትን ደህና ምግብ እየሰበሰበ ጀመረው። የሚጣል ምግብ የሚበላው ሰው ጋ መድረሱ መልካም ነው። ግን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ይህን ራሳቸው አምነው ጎን ለጎን ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ የሚሟገቱ አሉ። ምርጫ ካላችሁ እነሱን ያዙ።

የቤት አልባነቱ ነገር ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ምክንያቱም የሚሠራው መንገድ ከታወቀ ቆይቷል። ለብዙ ዘመን አሠራሩ ክፍል እንደማለፍ ዓይነት ነበር። ጎዳና ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ የጋራ መጠለያ ይገባል። መጠጥ ካቆመ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰደ እንደገና ያልፋል። ቤት የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዚያ ከዘለቀ። እስቲ አስቡት። ጫማው እንዳይሰረቅበት አንድ ዓይኑን ከፍቶ የሚያድር ሰው «መጠጥ ተው፣ ሕክምና ተከታተል፣ ሥራ ፈልግ» ይባላል። እኛ ራሳችን ሁለት ሌሊት በቅጡ ሳንተኛ ስንቀር ምን እንደምንመስል እናውቃለን። ብዙው መሃል ላይ ይወድቅና ወደ ጎዳናው ይመለሳል። ከዚያ «ቤት አልባ ሰው አይለወጥም» ይባላል።

ሳም ሴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ነገሩን ገለበጠው። መጀመሪያ ቁልፉን ስጡት አለ። የራሱ በር፣ የራሱ አልጋ፣ በስሙ የተፈረመ የኪራይ ውል። ሕክምናውና ምክሩ ተከትሎ ይቀርብለታል። ሕክምናውን እምቢ ቢል እንኳ በዚያ ሰበብ ቤቱን አይነጠቅም። «ለሰካራም ቤት? ቀልድ ነው?» ያለ ብዙ ነበር። ካናዳ ነገሩን በወሬ አልተወችውም። ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ቤት አልባ ሰዎች በዕጣ ከፍላ ሞከረችው። በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት፣ ቤት ቀድሞ ከተሰጣቸው 62 በመቶው ያለማቋረጥ ቤት ውስጥ ኖረዋል። በነባሩ አሠራር ከቀሩት ግን 31 በመቶው ብቻ። እጥፍ ማለት ነው።

ፊንላንድ ይህንኑ የአገር ፖሊሲ አደረገችው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ 18 ሺህ የሚጠጋ ቤት አልባ ነበራት። በ2023 ቁጥሩ ወደ 3,400 ገደማ ወርዷል። ዋይ ፋውንዴሽን የተባለው በ1985 የተቋቋመ ድርጅት አፓርታማ እየገዛና እየገነባ ለእነዚህ ሰዎች ያከራያል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ዋና ከተማዋ ሄልሲንኪ በ1985 ከ2,000 በላይ የመጠለያ አልጋዎች ነበሯት። በ2016 የቀሩት 52 ብቻ ናቸው። መጠለያዎቹ ታድሰው የኪራይ ቤት ሆኑ። ስንቱ የእርዳታ ድርጅት ነው በዓመታዊ ሪፖርቱ «አልጋዎቻችን ቀነሱ» ብሎ በኩራት የሚጽፈው? አብዛኛው የሚፎክረው በጨመረው አልጋ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ አሠራር ያለ ቤት አይሠራም። የሚከራይ ቤት በሌለበት ከተማ ቁልፉ ከየት ይመጣል? ቤት የሚገነቡ ድርጅቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ግን ለማን እንደሚገነቡ ጠይቁ። ለምሳሌ በ1976 የተመሠረተው ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ ጥሩ ስም አለው። የብዙ ፕሮግራሞቹ ተጠቃሚ ግን ትንሽም ቢሆን ገቢ ያለው፣ በጉልበቱ የሚሳተፍና ቀስ እያለ የሚከፍል ቤተሰብ ነው። ዛሬ ድልድይ ሥር ያደረው ሰው ለዚያ አይበቃም። ሁለቱም ሥራ ያስፈልጋል፤ እናንተ ግን የቱን እየደገፋችሁ እንደሆነ እወቁ። ጎዳና ላይ ካሉት ጋር የሚሠራ ድርጅት ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፦ ቤት ካስገባችኋቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ እዚያው ያሉት ስንቶቹ ናቸው?

አሁን ወደ ድህነቱ። ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱ አነስተኛ ብድር ነው ሲባል ኖረ። በ2006 የባንግላዲሹ ሙሐመድ ዩኑስና የመሠረተው አበዳሪ ግራሚን ባንክ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለሙበት። በ2015 በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲወጡ ነገሩ በረድ አለ። ከአገሮቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ብድሩ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ኑሮን ከሥሩ ግን አልቀየረም። እኔ ብዙም አልደነቀኝም። ቀድሞ ንግድ የጀመረ ሰው ብድር ያሰፋዋል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ግን የተበደረውን የሚያውለው ለዕለት ጉርስ ነው፤ ዕዳው ይቀራል።

ሌላው መንገድ የመጣውም ከዚያው ከባንግላዲሽ ነው። ፋዝሌ ሐሰን አቤድ በ1972 የመሠረተው ብራክ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ራሱ ብድር ይሰጥ ነበር። ብድሩ ግን የደሃ ደሃው ዘንድ እንደማይደርስ አየ። በ2002 ሌላ ፕሮግራም ጀመረ። ጠጋ ብለን እንየው። በመጀመሪያ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው መሬት ላይ የመንደሩን ካርታ ይሥላሉ። ቤት በቤት እየጠቆሙ ማን ከማን እንደሚብስ ይናገራሉ። ቢሮ ቁጭ ብሎ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው የማያውቀውን ጎረቤት ያውቃል። ሠራተኞች ቤት ድረስ ሄደው ያረጋግጣሉ። ከዚያ የተመረጠችው ሴት (በብዛት ሴቶች ናቸው) ላም፣ ፍየል ወይም ለንግድ የሚሆን ዕቃ ታገኛለች። በነፃ ነው፣ ብድር አይደለም።

ላም ሰጥቶ መሄድ ግን የለም። ልጆቹ የራቡት ቤተሰብ ላሟን ቢሸጣት ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ከላሟ ገቢ እስክታገኝ ድረስ ለምግብ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ይቆረጥላታል። የእንስሳት አያያዝ ትማራለች። ቁጠባ ትጀምራለች። አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ ደጇ ይደርሳል። ላሟ መኖ በላች? ልጁ ዳነ? ባልየው እንሽጣት ይላል? እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። ከዚያ ያበቃል። የሚያበቃበት ጊዜ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። እኔ ይህን አሠራር የምወደው በዚህ ነው፤ ሲጀመር ጀምሮ መውጫው ተሠርቷል።

አሠራሩ በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በህንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከዓመት በኋላ እንኳ ተሳታፊዎቹ ካልተሳተፉት የተሻለ ይበሉ ነበር። ገቢያቸውም ከፍ ብሏል። በህንድ የተደረገው ክትትል ከአሥር ዓመት በኋላም ልዩነቱ እንዳልጠፋ አሳይቷል። ሆንዱራስ ላይ ግን ጥሪቱ አልበረከተም። ለሰዎቹ ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። ዶሮዎቹ ማለቃቸው በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። «ሁሉም ቦታ መቶ በመቶ ተሳካ» ከሚል ብሮሹር ይልቅ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው እኔን የሚያሳምነኝ።

ወደ ጓደኛዎ ሐሳብ ልምጣ፣ «በቀጥታ ለችግረኛው» ወዳለችው። ሐሳቧ ከብዙ ባለሙያ ሐሳብ ይሻላል። ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ሥራው ይኸው ነው፤ በሞባይል ስልክ በቀጥታ ለደሃ ቤተሰብ ገንዘብ ይልካል። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ገንዘቡን ያገኙት ቤተሰቦች ጥሪት አፍርተዋል፣ የተሻለ በልተዋል። «ገንዘብ ከሰጠኸው ይጠጣበታል» የሚለው ሐሜትም በቁጥር ተፈትኗል። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች 19 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች በመጠጥና በሲጋራ ላይ የሚያወጡት እንዳልጨመረ አግኝተዋል።

ግን በራሳችሁ እጅ መስጠትና በሥርዓት መስጠት ይለያያል። በራሳችሁ ስትሰጡ የምትሰጡት ላያችሁት ሰው ነው። መንገድ ላይ የተቀመጠውን ታያላችሁ። ቤቷ ተኝታ የማትነሳዋን፣ ልመና የሚያሳፍረውን፣ መንገድ የማይደርስበት መንደር ያለውን አታዩም። ድርጅት የሚጠቅመው የማይታየውን ፈልጎ በማግኘቱ ነው። ለዚያ ፍለጋ ደግሞ ሰው፣ ስልክ፣ ነዳጅ፣ መዝገብ ያስፈልጋል።

ይህ ወደ 10 በመቶው ያመጣናል። በየሳምንቱ ደጅ የሚደርሰው የብራክ ሠራተኛ ደመወዝ «የአስተዳደር ወጪ» ነው ወይስ «የፕሮግራም»? የሕፃናቱን መዝገብ የሚይዘውስ? ከዓመት በኋላ ሰዎቹን ፈልጎ የሚጠይቀው? አንዱ ድርጅት እዚህ ይመዘግበዋል፣ ሌላው እዚያ። በሒሳብ አያያዝ ብቻ ከ20 በመቶ ወደ 9 መውረድ ይቻላል፤ አንድም ሰው ሳይጠቀም። በ2013 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዝኑ ሦስት ታዋቂ የአሜሪካ ተቋማት በጋራ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ለጋሾች በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳይፈርዱ ለምነዋል። አንዱ ቻሪቲ ናቪጌተር ነበር። ቁጥሩ ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። ከምትሰጡት ግማሹ ለሌላ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ማስታወቂያ የሚውል ከሆነ ተነሱና ሂዱ። ኦዲት የተደረገ ሒሳብ የማያሳይም ከሆነ እንዲሁ። ከዚህ በመለስ ግን 8 በመቶና 18 በመቶ መካከል ባለው ልዩነት እንቅልፍ አትጡ። ክትትል የሌለው ርካሽ ፕሮጀክት ብዙ አይቻለሁ። ምን እንደሠራ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁለት ነገር ላክልና ወደ ተግባሩ እንሂድ። አንደኛው ስለ ሐቀኝነት ነው። ቅድም የጠራሁት ጊቭ ዳይሬክትሊ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ወደ 900 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰርቆበታል። ከሰራቂዎቹ ውስጥ የራሱ ሠራተኞች ነበሩበት። ድርጅቱ ራሱ በ2023 ይህን በይፋ አወጣው፣ ምን እንደቀየረም ተናገረ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሰማ «በቃ፣ ሌቦች ናቸው» ይላል። እኔ የምፈራው በደርዘን አገር ሠርቶ አንድም ቀን ገንዘብ አልጠፋብኝም የሚለውን ነው።

ሁለተኛው የሚረዱት ሰዎች ድምፅ ነው። ጆሴፍ ቭሬዚንስኪ የተባለ ቄስ፣ ራሱ በድህነት ያደገ፣ በ1950ዎቹ ፓሪስ አጠገብ የቤት አልባ ቤተሰቦች ሰፈር ውስጥ ገብቶ ኖረ። እዚያ ይታደል የነበረው ሾርባ ቀርቶ በቦታው ቤተ መጻሕፍትና መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፈት አደረገ። በ1957 ከቤተሰቦቹ ጋር ሆኖ ዛሬ ኤቲዲ ፎርዝ ወርልድ የሚባለውን ንቅናቄ መሠረተ። ጥቅምት ላይ የሚውለው ዓለም አቀፍ ድህነትን የማጥፋት ቀን መነሻውም እነሱ በ1987 ፓሪስ ላይ የጠሩት ስብሰባ ነው። ሾርባ ይቅር ማለቴ አይደለም። ግን የድርጅቱን ቦርድ ዝርዝር ስታዩ በችግሩ ውስጥ ያለፈ አንድ ሰው እንኳ አለ? ፎቶ ላይ ያለችው እናት ፎቶው እንዲወጣ ተጠይቃለች? የሚያለቅስ ሕፃን ፊት በትልቁ የሚለጥፍ ድርጅት እኔ ዘንድ ነጥብ ይቀነስበታል።

መንግሥትንም አትርሱ። የፊንላንድ ቤት አልባ ቁጥር ለዓመታት ሲወርድ ቆይቶ በ2024 መልሶ ጨመረ፤ የቤት ኪራይ ድጎማ በተቀነሰበት ጊዜ ማለት ነው። ዋይ ፋውንዴሽን እዚያው ነበር፣ ሥራውንም አላቆመም። የበጎ አድራጎት ድርጅት የቱንም ያህል ቢጎብዝ የመንግሥትን ቀዳዳ ብቻውን አይደፍንም። ስለዚህ ፖሊሲ ላይ የሚሟገት ድርጅት «ምግብ አያድልም» ብላችሁ አትናቁት።

እንግዲህ ሦስታችሁ እንዲህ አድርጉ። ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ አትበትኑት፤ ትንሽ መዋጮ ሲበተን ማስተላለፊያው ይበላዋል። ከሦስቱ ችግሮች አንዱን ምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት ድርጅት ለዩና አጭር ኢሜይል ጻፉላቸው። «ከሁለት ዓመት በፊት የረዳችኋቸው ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ያልተሳካላችሁ ፕሮጀክት የትኛው ነው፣ ምንስ ቀየራችሁ?» በሉ። አንዳንዱ አይመልስም። አንዳንዱ ፎቶ ይልካል። ቁጥር የያዘ፣ «እዚህ ላይ አልሆነልንም» የሚል መልስ የላከላችሁን ያዙት። ትንሽ ድርጅት ከሆነ መልሱ በጠራ እንግሊዝኛ ወይም በሚያምር ዲዛይን ላይመጣ ይችላል፣ ለሱ አትጨነቁ።

ከዚያ በየወሩ፣ ሳታቋርጡ፣ ለዚህ ለዚያ ብላችሁ ሳታስሩት ስጡ። በበዓል ሰሞን አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ይልቅ በየወሩ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ ይሻላል። ድርጅቱ የሚቀጥለውን ዓመት ሠራተኛ የሚቀጥረው እሱን ተማምኖ ነው። ከዓመት በኋላ ያንኑ ኢሜይል እንደገና ላኩ። መሃል ላይ መጥፎ ዜና ከሰማችሁ ወዲያው አታቋርጡ፤ መጀመሪያ ማብራሪያ ጠይቁ፣ መልሳቸውንም አንድ ወር ጠብቁ።